ከግራ እግሬ አጠገብ የነበረው ሳጥን

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራትም ለተውበትም አይደለም፤ ኋላ ከሚታወቅብኝ አስቀድሜ ልናገረው ብዬ ነው። ቲማቲም ስገዛ ከላይ የተደረደረውን ትቼ ከሥር ያለውን አስገልብጬ ካላየሁ አልወስድም። ሐኪም «ደህና ነህ» ሲለኝ «ምን ደብቆኝ ይሆን?» እያልኩ ነው ከክሊኒኩ የምወጣው። ባለቤቴ «አንተ እኮ ጥላህ ሲቀድምህ ወዴት እየሄደብኝ ነው ትላለህ» ትለኛለች። ትሳቅ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለቀልድ አይደለም።

እንጀራዬ ሙዚቃ ነው። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ሠርግ ከተገኘ ገራዶም ድረስ ሄደን እንጫወታለን። መሣሪያዬ ስቲል ጊታር ይባላል። ሰው መጀመሪያ ሲያየው የስፌት መኪና ይመስለዋል፤ አልተሳሳተም፣ እግሮቹ የስፌት መኪና እግሮች ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ላይ ብረት ሲያወጡ የኖሩ አንድ ባለሙያ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፎቶ እያዩ፣ ቪዲዮ እያስቆሙ እሳቸው ናቸው የሠሩልኝ። እንደ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጣል። አሥር ክር አለው። ክሩን በጣት አትጫነውም፤ በግራ እጅህ ድቡልቡል ብረት ይዘህ በላዩ ላይ ታንሸራትታለህ። ከሥር ደግሞ በእግር የሚረገጡ ፔዳሎች አሉት፤ ሲረገጡ የክሩን ድምፅ ያወጣሉ ወይም ያወርዳሉ። ፈረንጆቹ ለራሳቸው ዜማ ነው የሠሩት፤ እኛ ለቅኝት አሰርነው። ምንም ሳልረግጥ ትዝታ ነው። አንደኛውን ስረግጥ አምባሰል ይሆናል። ሁለተኛውን ስደርብበት አንቺ ሆዬ። የክራር ተጫዋች ቅኝት ለመለወጥ ዘፈን አቁሞ ክር ሲጠመዝዝ፣ እኔ ግራ እግሬን አንስቼ ማሳረፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

ድሮ የነበረኝ አምፕሊፋየር ድምፁን የሚያስተጋባው ኢኮ አብሮት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ስንመለስ ቤቱ በዘራፊ ተጠርጎ ጠበቀን። ስቲል ጊታሩን ግን የተሰበረ የስፌት መኪና መስሏቸው ይሁን ከብዷቸው፣ ትተውታል። ከዚያ ወዲህ ደሴ ውስጥ ሰው ጎረቤቱ ቤት ሲገባ «አሰላሙ አለይኩም» እያለ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ተጠራጣሪው እኔ ብቻ አይደለሁም ለማለት ነው።

ታዲያ ስቲል ጊታር ያለ ኢኮ ምንድን ነው? ቆርቆሮ መጎተት ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ደርቄ ስጫወት አዝኖልኝ መላ ያመጣው ኪቦርድ ተጫዋቻችን ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ቤቱ ኮምቦልቻ ነው፤ በልምምድ ቀን በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ይመጣል። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ በተቃራኒው እሳት ነኝ።

«አብሽር» አለኝ አንድ ቀን። «ፒያሳ ርካሽ መልቲ ኢፌክት ገብቷል። ኢኮ በለው፣ ሪቨርብ በለው፣ ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ርካሽ ከሆነ አንድ ነገር አለው።»

«ያለው ነገር ርካሽ መሆኑ ነው» ብሎ ሳቀ።

እዚያው ደሴ ፒያሳ ሄድኩ። ሱቁ ዘመዶቻቸው ጥንት ከየመን ተሻግረው የመጡ የአንድ ትልቅ ነጋዴ ነው። አወጡልኝ፤ ከጫማ ካርቶን የምታንስ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሁለት የሚረገጡ ቁልፎች፣ አንዲት ትንሽ መስኮት።

«ሐጂ፣ ኦሪጅናል ነው?» አልኳቸው።

«ወላሂ ኦሪጅናል ቻይና ነው!»

ድንቄም ኦሪጅናል! «ቢበላሽ ይመልሱልኛል?»

«አይበላሽም።»

«ቢበላሽስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ገና ሳትወስደው ምን ታሟርትበታለህ?» ብለው ተቆጡኝ። ተቆጥተው ስለነበር ገዛሁት፤ የሚያታልል ሰው እየሳቀ ነው የሚሸጠው።

ቤት ወስጄ ስሰካው፣ ያ አላህ! ካርቶኑ ላይ መቶ ዓይነት ድምፅ አለው ይላል። ከመቶው ሰማንያው የብረት መጋዝ ነው፤ ፊታቸውን አጨማድደው ለሚጮኹ የሮክ ዘፋኞች የተሰናዳ። ለስለስ ያለውን ፈልጌ ስመርጥ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። የስቲል ጊታር ውበቱ ጅራቱ ላይ ነው፤ ክሩን ነክተህ ብረቱን ስታንሸራትት ድምፁ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ነው የሚጠፋው። ሳጥኑ ግን ድምፁ ገና ሳሳ ሲል ቆርጦ ይጥለዋል። እኔ እየዘፈንኩ እሱ በሩን ጠርቅሞ ይዘጋብኛል። «ይኸው ተበላሁ!» ብዬ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት።

ኪቦርድ ተጫዋቹ «ወዲህ በለው» ብሎ ኮምቦልቻ ይዞት ወረደ። መመሪያው እንደ ጉንዳን በደቀቀ ቻይንኛና እንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ እኔ አልነካሁትም፣ እሱ ተቀምጦ አነበበው። በሳምንቱ መለሰልኝ። ለካስ ጫጫታ ለመቁረጥ የተሠራ ነገር ነው ጅራቱን የሚበላው፤ እሱን አጥፍቶታል። ከክሮቹ ድምፅ የሚያነሳው የስቲሉ ማግኔት ኃይለኛ ስለሆነ ሳጥኑን ያንቀው ነበር፤ መግቢያውን ዝቅ አድርጎታል። ከዚያ ረጋ ያለ ኢኮ፣ ከላዩ ደግሞ ጥቂት ሪቨርብ። ልምምድ ቤት ሰክቼ አምባሰል ስጀምር ድምፁ ጦሳ ተራራ ደርሶ የሚመለስ መሰለኝ። ከበሮ መቺያችን እንኳ ቀልዱን ትቶ ጆሮውን ሰጠኝ። ተነስቼ ኪቦርድ ተጫዋቹን አቀፍኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ቤቴ ስሄድ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሦስት ነገር ለማስተካከል ሳምንት ሙሉ ምን ይሠራል?

ሳጥኑን ከፔዳሎቼ በስተግራ አስቀመጥኩት፤ ሌላ የሚመች ቦታ የለም። በስቲል ጊታር ላይ ስትቀመጥ እግርህን አታየውም፣ ገበታው ይጋርደዋል፤ እግር የሚሄደው በልማድ ነው። እንዲህ ሆነን ወራት ሠራን። ሠርግ በዛልን። በተለይ ሙሽራ ስትገባ የምጫወታት አንዲት አምባሰል አለች፤ የራሴ ናት፣ ከማንም አልወሰድኳትም። ባንዱ ዝም ይላል፤ እኔ ብቻዬን እጫወታለሁ፤ ሙሽራዋ ደጁን አልፋ ወንበሯ ላይ እስክትቀመጥ። «ያንን የሙሽራ ማስገቢያ ትጫወታላችሁ አይደል?» እያሉ ነበር ሰዎች የሚቀጥሩን።

አንድ እሑድ ጠዋት ቤቴ ውስጥ ሳጥኑን በጨርቅ ስወለውል የማላውቀው ገጽ መስኮቷ ላይ ወጣ። ቁልፉን ስጫነው ከስፒከሩ እኔው ራሴ ወጣሁ። የሙሽራ ማስገቢያዬ! ከበሮ የለበትም፣ እልልታ የለበትም፣ የሰው ድምፅ የለበትም። ስቲሉ ብቻ፣ ጥርት ብሎ። ጅማሬዋና ማብቂያዋ በመቀስ የተከረከመ ነው። ቅዱልኝ ብዬ ማንንም አላዘዝኩም። ሳጥኑ መቅዳት እንደሚችል እንኳ አላውቅም ነበር።

ቁጭ አልኩ። ወለሉ ላይ፣ ጨርቄን እንደያዝኩ።

አሁን የማወራውን ሙዚቀኛ ያልሆነ ሰው በደንብ ይረዳልኝ። ማሲንቆ ተጫዋቾችን ከሠርግ ያስወጣቸው ማን ነው? ኪቦርድ ነው። የማሲንቆውን ድምፅ አጥርተው ይቀዱና ኪቦርድ ላይ ይጭኑታል፤ ከዚያ በኋላ ማን ባለ ማሲንቆ ይጠራል? አብሮን ይሠራ የነበረ ድንቅ ማሲንቆ ተጫዋች ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ለዚያ ሥራ ደግሞ የሚፈለገው ልክ እንዲህ ያለ ቅጂ ነው፤ ንጹሕ፣ ሌላ ድምፅ ያልተቀላቀለበት፣ ጫፍና ጫፉ የተከረከመ። ድምፄ ኪቦርድ ውስጥ ከገባ እኔን ምን ሊያደርጉኝ? ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ባጃጅ መንዳት አልችልም።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ሳጥኑን ግዛ ያለኝ ማን ነበር? እሱ። ሳምንት ሙሉ ቤቱ ያሳደረው ማን ነው? እሱ። መመሪያውን አንብቦ መቅጃውን ማሰናዳት የሚችለውስ? በሬ ካራጁ ይውላል አሉ! በሚቀጥለው ልምምድ ከሁሉ ቀድሜ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ልየው ብዬ። መጥቶ ኪቦርዱን ሲዘረጋ ጀርባው ላይ አንዲት ፍላሽ ተሰክታለች።

«ይህች ምንድን ናት?»

«የዘፈን ቅንብር ናት።»

«የምን ዘፈን?»

«የምንጫወተው ዘፈን ነዋ! ምነው?» አለኝ ግራ ገብቶት። ግራ የገባው መስሎ ነው እንጂ አልኩ በሆዴ።

በዚያው ቀን፣ በመሀል ስናርፍ፣ ኪቦርዱ ላይ ድምፅ የምታንሸራትተዋን መንኮራኩር በአውራ ጣቱ እያዞረ አንዲት ነገር ተጫወተ። እንደ ስቲል እየተሳበች የምትሄድ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። አሁን ሳስበው የፍቅር ፈገግታ ነበር፤ አንተን መምሰል ያምረኛል የሚል። ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈላ። ተነስቼ ሳጥኑን ሰካሁትና ቅጂውን በሙሉ ድምፅ ለቀቅሁት።

ልምምድ ቤታችን ፒያሳ፣ አንድ ሆቴል ጓሮ ያለች የኪራይ ክፍል ናት። አራታችንም ነበርን፤ እኔ፣ እሱ፣ ከበሮ መቺው፣ እና የባንዱ አለቃ የሆነችው ዘፋኟ። የሆቴሉ አስተናጋጆች ጩኸቴን ሰምተው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። «ድምፄን እየሰረቀ ነው! ኪቦርዱ ላይ ሊጭነኝ ነው!» አልኩ። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁ ቆመ።

«እኔ? የአንተን?»

«አንተ!»

«አልቀዳሁም። ኪቦርዱም ፍላሹም ይኸው፣ ፈትሹ።»

«ቤትህ አስቀምጠኸው እንደሆነስ? ማል! ወላሂ አልቀዳሁም በል፣ ይበቃኛል።»

ሁሉም እሱን ያየዋል። «አልምልም» አለ።

«ለምን?»

«ለፕላስቲክ ሳጥን የጀሊሉን ስም አላነሳም። አልቀዳሁም ብዬሃለሁ። ቃሌ ካልበቃህ መሐላዬም አይበቃህም።»

«ሰማችሁ? መማል አቃተው!» ብዬ ጮህኩ።

እዚህ ላይ የማምነው ነገር አለ፤ ማመኑ ከሁሉ ይከብደኛል። ያ ሰው እንደማይምል አውቅ ነበር። አባቱ እውነትም ቢሆን እንዳትምል ብለው ነው ያሳደጉት። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ መናኸሪያ የሚኒባሱ ረዳት «አልከፈልክም፤ ከከፈልክ ማልና ውረድ» ቢለው፣ ሁለተኛ ከፍሎ ወረደ፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እኔማ ወላሂን በቀን ሃምሳ ጊዜ ነው የምላት፤ ሻይ ትኩስ ነው ለማለት እንኳ። ምናልባት እንደማይምል ስለማውቅ ይሆናል ማል ያልኩት።

ኪቦርዱን በማልበሻ ጨርቁ ጠቀለለ፤ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ተወልኝና ወጣ። ዘፋኟ «ቆይ እስኪ» ብላ እስከ በሩ ተከተለችው። አልቆመም።

እኔ ግን በዚያ አላበቃሁም። ሻይ ቤት ገብቼ አወራሁ። ሐጂ ሱቅ ቆሜ አወራሁ። «ካልቀዳ ለምን አልማለም?» ስል ሰው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ለሰው የሚገባ ጥያቄ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይሄድ ጀመር። ሌላ ባንድ ሊወስደው ፈልጎ «ያ ድምፅ የሚሰርቀው አይደል?» ብለው ተዉት አሉ። ስሰማ ይበለው አልኩ። ፍላሹን አስከፍቼ አየሁት፤ ቅንብር ብቻ ነው። ቢሆንም ሌላ ፍላሽ ይኖረዋል አልኩ። በእሱ ምትክ አዲስ ኪቦርድ ተጫዋች መጣ፤ እሱንማ ከመጀመሪያው ቀን ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ወራት አለፉ። ገራዶ ሠርግ ተጠራን፤ የቀን ሠርግ፣ ዳስ ውስጥ። ለእኛ ከጣውላ ከፍ ያለ መድረክ ተሠርቶልናል። ከመድረኩ ሥር፣ እግሬ ፊት ለፊት፣ የሙሽራው አክስት ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ደርበብ ያሉ አሮጊት። ሙሽራዋ ገባች፤ ማስገቢያዬን ተጫወትኩ፤ ተቀመጠች። በእልልታው መሀል አክስቲቱ በከዘራቸው ጣውላውን ኳ ኳ አደረጉ።

«አንተ ልጅ!»

«አቤት እማማ?»

«ያ ከእግርህ ሥር ያለው ነገር እሳት ነው እንዴ?»

«የቱ?»

«ቀዩ ነዋ! ተረከዝህን ስታሳርፍበት ቦግ አለ፤ ዘፈንህን ስትጨርስ ተመልሰህ ስታሳርፍበት ድርግም አለ። እኔ ይህ ልጅ ሊቃጠል ነው ብዬ አንተን ሳይ ሙሽራይቱ አለፈችኝ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራ እግሬ ሳጥኑ ላይ ነው። ተረከዜ ቁልፉ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሙሽራዋ ደጁ ጋ ስትደርስ፣ ፔዳል ከመርገጤ በፊት፣ እግሬን የማሳርፈው እዚያ ነው። ቁልፉ ረጅም ሲጫኑት መቅዳት ይጀምራል። ከዚያ እግሬን አንስቼ አንደኛውን ፔዳል እረግጣለሁ፤ አምባሰሌን እጫወታለሁ፤ ስጨርስ እግሬ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ ያኔ ይቆማል፣ ያስቀምጣል። ከጅማሬው እስከ ማብቂያው፣ ልክክ ብሎ። ያ በመቀስ የተከረከመ ያልኩት፣ ባለሙያ ካልሆነ ማን ይችለዋል ያልኩት፣ የእኔው ተረከዝ ነው። ሳጥኑ ድምፁን የሚቀዳው ከጊታሩ ገመድ ብቻ ነው፤ እልልታውን ከየት ያምጣው? የጊታሩን ፔዳል አሥራ ምናምን ዓመት የረገጠ እግር፣ ሌላ ፔዳል አጠገቡ መቀመጡን ረስቶታል። መስኮቷን ከፍቼ አየሁ፤ የዛሬዋ ሙሽራ ማስገቢያም ገብታ ተቀምጣለች።

የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። የቀረውን ዘፈን እንዴት እንደተጫወትኩ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሐረጎን ወረድኩ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ገና በማለዳ ነው የሚቀበልህ፤ ጃኬቴን አውልቄ ቤቱ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሰው ሬዲዮ ይጠግናል። ኪቦርዱ አይታይም። ባለቤቱ ልብስ ታሰጣለች። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። እሱ «ወአለይኩም ሰላም» አለ፤ እሷ ፊቷን ሳታዞር መለሰችልኝ።

ቆሜ ነገርኩት። ስለ እግሬ፣ ስለ ተረከዜ፣ ስለ አሮጊቷ። «በድዬሃለሁ፣ አፉ በለኝ» አልኩት።

ካቻቢቴውን ካጠገቡ አስቀመጠ። «አፉ ብያለሁ» አለ ወዲያው። እንዲያ ወዲያው ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቱ ናት የዞረችው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት፤ እኔ ስመጣ ጫማዬን ደብቃ እያስቀመጠች ተጨማሪ ሰዓት እንድቆይ የምታደርግ።

«እርስዎ» አለችኝ። «ደሴ ላይ፣ ሰው መሀል ሌባ ብለው፣ እዚህ ማንም በሌለበት ግቢ አፉ በለኝ ይላሉ?»

«ተይው በቃ» አላት እሱ።

«አልተውም! ያን ዕለት ከደሴ ሲመለስ እኔስ ምን አልኩት? ‹ካልቀዳህ ለምን አልማልክም?› አልኩት። እኔ! አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝቼ! ያንን ጥያቄ አፌ ውስጥ የከተቱት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው።»

እሱ አንገቱን ደፍቶ የሬዲዮውን ሽቦ ይነካካል። ከእሷ ይልቅ እሱን ማየት አቃተኝ። «ወደ ባንዱ ተመለስ፣ በአላህ ይዤሃለሁ» አልኩት።

«ስሜን ይዤ ነው የምመለሰው ወይስ ሳልይዝ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «የበተንከው አንተ ነህ። የምትለቅመውም አንተ ነህ። ያኔ እመጣለሁ።»

ስወጣ ለራሴ ቀላል መስሎኝ ነበር። የተናገርኩትን ሄጄ እንዳልነበር ማድረግ ነው፤ ያው አፍ ነው፣ ያው ሰዎች ናቸው።

በልምምዱ ቀን ሁሉንም ሰብስቤ ቆምኩ። አስተናጋጆቹን ሳይቀር ጠራኋቸው። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ አሳየሁ፤ ቁልፉን ስጫን ቀዩ ሲበራ፣ ስደግም ሲጠፋ፣ ከዚያ የቀዳውን አሰማሁ። «የረገጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ንጹሕ ነው። እኔ ነኝ የበደልኩት።»

ከበሮ መቺው ዱላዎቹን በጣቱ እያሽከረከረ አየኝ።

«ሲረገጥ እንደሚበራማ አየን» አለ። «ያን ጊዜ ማን እንደረገጠው ነው ያላየነው። ሳምንት ሙሉ ቤቱ አልነበር እንዴ?»

«ቅጂው ኋላ በሠርግ ላይ ነው የተቀዳው! ቤቱ ሳለማ እኔ አልተጫወትኩበትም!»

«ያኔ እንዲህ አላልክም። ኮምቦልቻ ወርደህ ነበር አሉ፤ ምን አቅምሶህ መጣህ?»

አስተናጋጆቹ ሳቁ። ተናደድኩ፣ ግን መናደዴ አሳፈረኝ፤ ሰውየው የሚናገረው የእኔን ቃል ነው። እንዲህ ጠርጥሩ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጎበዝ ተማሪዎች ሆነውልኛል። ወደ ዘፋኟ ዞርኩ። እሷ የምታምነኝ መሰለኝ፤ ያን ቀን እስከ በሩ ተከትላው ነበርና።

«ወላሂ እግሬ ነው!» አልኳት። «ወላሂል አዚም! ቁርዓን አምጡልኝና ልምታ!»

የማይክራፎኗን ገመድ እየፈታች ቀና ብላ አየችኝ፤ በሐዘን ነው ያየችኝ።

«አንተማ መማል ልማድህ ነው» አለችኝ። «እሱ ግን አልማለም።»

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። እኔም ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳጥኑን ሳልሰካ፣ ደርቄ ተጫወትኩ።